አሥራ አንድ ኮሚቴ ለአንዲት ምሁር

በአሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት የሚገኘው የተከበረው ዩኒቨርሲቲያችን ለጥቁር ሴቶች ያለውን አክብሮት የሚጠራጠር ካለ፣ የዶክተር ቬርኔልን መዝገብ ያገላብጥ። ስለ ዘር፣ ስለ ሴቶች መብትና ስለ ጥቁር ማንነት የምታስተምር ብቸኛ መምህራችን ናት። ብቸኛ በመሆኗም አሥራ አንድ ኮሚቴ ውስጥ አስገብተን አከበርናት። ከዚህ በላይ ማክበር አይቻልም፤ ሳምንት ሰባት ቀን ብቻ ነውና።

የምትጽፈው መጽሐፍ፣ በየቢሮው በጥቁር ሴቶች ትከሻ ላይ ስለሚከመር ሥራ ነው። በተቀጠረች በስድስት ዓመት ካልታተመ ቋሚ መምህርነት የለም፤ ስንብት ነው።

የፋኩልቲያችን ኃላፊ፣ ዲናችን ዶክተር ሃርትዌል፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ አንብበው አለቀሱ።

«ልቤን ነካሽው! ይህን ያህል ሥራ ስንጭንባችሁ አናፍርም? ይህን የሚያጠና ኮሚቴ ዛሬውኑ ይቋቋም!»

«ማን ይመራዋል?»

«ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?»

አሥራ ሁለት ሆነ።

«እምቢ በያቸው እንጂ፣ ልጄ!» አለች የክፍሉ ጸሐፊ ሚስ ኦፓል።

«እምቢ ካልኩ ‹ቁጡ ናት› ይሉኛል።»

«እሺ ስትያቸውስ?»

«‹ጎበዝ› አሉኝ።»

«ጎበዝማ በቅሎም ናት፤ ማን ጭነቷን አወረደላት!»

ስድስተኛው ዓመት ሲሞላ መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ቀረው። የዩኒቨርሲቲው ጉባኤም በጥልቅ ሐዘንና በሙሉ ድምፅ አሰናበታት። ነገር ግን ደንባችን ጥብቅ ነው፦ ለጥቁር ሠራተኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ፣ ቃሉ ቅር እንዳያሰኝ በ‹ጨዋ ቋንቋ ኮሚቴ› ተመርምሮ፣ በሰብሳቢዋ ፊርማ ብቻ ይወጣል። ሰብሳቢዋ ዶክተር ቬርኔል ናት።

ሚስ ኦፓል ደብዳቤውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የገዛ ስንብትሽን ፈርሚ ነው የሚሉሽ?»

ዶክተር ቬርኔል መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«‹በጥልቅ ሐዘን› የሚለው ቃል ከባድ ነው። ንዑስ ኮሚቴ ሳያየው አልፈርምም።»

«ንዑስ ኮሚቴው እነማን ናቸው?»

«እኔና ዲኑ።»

«እሳቸው መቼ ስብሰባ መጥተው ያውቃሉ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሚስ ኦፓል? ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ደንብ ልጣስ?»

ደንብ አልተጣሰም። ደብዳቤው ዛሬም በጥናት ላይ ነው፤ መጽሐፉ ግን ባለፈው መስከረም ታተመ። ዲናችንም በኩራት የመጀመሪያውን ገጽ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ አስገብተው ቢሯቸው ውስጥ ሰቅለውታል። እንዲህ ይላል፦

«ለዲናችን። ከስብሰባ ባይቀሩ ኖሮ ይህ መጽሐፍ ባላለቀ ነበር።»