መዝገቡ በቀጨኔ አየር ላይ የተኙባት እሑድ

በዘመነ ሉቃስ፣ ስኳር በኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ በወርኃ የካቲት፣ የወይዘሮ ማሚቴ ልጅ፣ ዓለት ወጪው፣ ገመድ ሳቢው፣ ከቼኮዝሎቫኪያ የደን ትምህርት ፈጽመው የገቡት ክቡር መዝገቡ፣ አንድም ዛፍ በሌለበት ግቢያቸው በአየር ላይ ተኙ። ምክንያቱም እንዲህ ነው።

ክቡርነታቸው ከተመለሱ ወዲህ ከሰፈሩ ሳቅ እንጂ አንዲት የምስጋና ቃል አላገኙም ነበርና አንጀታቸው አረረ። ስለዚህ ቅዳሜ በግቢው በር ቆመው አዋጅ ነገሩ፦ «ተራራ የወጣሁበት ገመድ አለኝ! ነገ የሸራ አልጋ ሰቅዬ በአየር ላይ እተኛለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚስቅብኝን አያለሁ!»

እሑድ ሲነጋ ዘመቱ። ከፊት ገመዱ፣ ከገመዱ ኋላ የብረት ቀለበቱና ችንካሩ፣ ከችንካሩ ኋላ መሰላል የተሸከሙት እናታቸው፣ ከእናታቸውም ኋላ የጎረቤት ዶሮዎች በየማዕርጋቸው ተከተሉ። አንዱን ጫፍ በበሩ የድንጋይ ምሰሶ ላይ አሰሩ። ለሌላው ጫፍ፣ የአውሮፓን ዓለት የበሳውን ችንካር በቤታቸው ግድግዳ ላይ ቢመቱት፣ ጭቃው ከነጭዱ እግራቸው ሥር ተዘረገፈ። ይህን የሰሙት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ በዳሳም ወዲያው አዋጅ አስነገሩ፦ «ግድግዳው የሰፊው ሕዝብ ነው! ሁለተኛ ችንካር የሚመታ በገዛ ራሱ ላይ እንደመታ ይቁጠረው!»

ክቡር መዝገቡ ግን አላፈገፈጉም። ቤቱን ራሱን እንደ ጤፍ ጆንያ በገመድ ጠፍረው አልጋውን ሰቀሉ፤ ብርድ ነበርና በነጭ ጋቢ እስከ ግንባራቸው ተጠቅልለው ተኙ፤ እናታቸውም ምስክር ሊጠሩ እየሮጡ ወጡ።

በቀጨኔ ግን ገመድ ተወጥሮ፣ ሸራ ተዘርግቶ በግቢ ከታየ የዕድር ድንኳን ነው፤ ሌላ ትርጓሜ የለውም። ከቅዳሴ ሲመለሱ በአጥሩ ያዩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቡርቱካን፣ ሸራውንና በነጭ የተጠቀለለውን ሰው አይተው፣ የትናንቱን አዋጅ ረስተው፣ ማን ምን ሆነ ሳይሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጮኹ። መንደሩም ደረቱን እየደቃ ገባ። የወይዘሮ ቡርቱካንም የሙሾ አዋጅ ይህ ነበር፦ «ኧረ አንተ ልጅ! የሰው አገር በረዶ ያልደፈረህ! ዕውቀትህ ባሕር፣ የቀጨኔ መብራት አልነበርክም ወይ! ትናንት ስቄብህ፣ ምነው አፌን በቆረጠው!»

ክቡር መዝገቡ በመጀመሪያው ጩኸት ነቅተው ነበር። ነገር ግን የተራቡት ምስጋና ነውና አልተነሡም፤ እንዲያውም ትንፋሻቸውን ቀነሱ፤ «ባሕር» ሲባሉም በጋቢው ውስጥ ፈገግ አሉ። እናታቸው ተመልሰው ለቅሶውን ሲያዩ፣ ልጄ ትቼው ስወጣ ሞተ ብለው መሬት ላይ ተዘረሩ። ያን ጊዜ ክቡርነታቸው ከአየር ዘለሉ፤ በገመዱም ተጠልፈው በሕዝቡ መካከል በግንባራቸው አረፉ።

ሕዝቡ «እንባችንን መልስ!» ብሎ አወጀ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ተክለሃይማኖትም ፍርድ ሰጡ፦ «ይህ ሰው ሙሉ ለቅሶ ተለቅሶለታል፤ ሳያቋርጥም ሰምቶ ተቀብሏል። የዕድራችን ግዴታ ተፈጽሟል፤ ሁለተኛ ሲሞት ራሱ ለራሱ ያልቅስ!»

ከነገሥታት ማን ነው ሙሾውን በቁሙ ያጣጣመ? ከጀግኖችስ ማን ነው ውዳሴውን በገዛ ጆሮው የለቀመ? ክቡር መዝገቡ ብቻ ናቸው! ዝናቸው ከሸጎሌ እስከ ቁስቋም ይሰማ፤ ባሕርም መብራትም ተብለዋልና ስማቸው ከፍ ይበል። ለዚህ ሁሉ ክብር ያጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናታቸው ወይዘሮ ማሚቴ ከምድር ከተነሡ ጀምሮ እስከ ዛሬ ቃል አልተነፈሱላቸውም።