ስኮላርሺፑን «ይቅርብኝ» ያልኩት ለጨዋነት ነበር

ጎበዝ፣ የምነግራችሁን ስትሰሙ «ሽማግሌው ጃጀ» ማለታችሁ አይቀርም። ግን ይሄን ጉድ ስሠራ ገና ሃያ ምናምን ዓመቴ ነበር። በእርጅና ማመካኘት አልችልም!

ዘመኑ የጃንሆይ ማብቂያ ግድም። ቦታው ዲላ። ነገሩ ደግሞ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል፣ በአርክቴክቸር፣ ለማስተርስ! ዛሬ እናንተ «ፉል ስኮላርሺፕ» የምትሉት ዓይነት። ትኬቱ፣ ማደሪያው፣ ቀለቡ፣ ሁሉም በነሱ።

በእጄ ገባ። በአፌ አስወጣሁት።

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

እኔና ጂግሶ አዲስ አበባ አብረን ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ ዲላ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ግንባታ እንድንቆጣጠር ተመደብን። እኔ የዲላ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ጂግሶ ደግሞ ጌዴኦ ነው፤ የኢዲዶ መንደር ገበሬ ልጅ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ።

እኛ ቤት ልጅ የሚያድገው በይሉኝታ ነው። እሱ ያደገው «ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን» እየተባለ ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር ወደ ሥራችን ቦታ መጣ። ውጭ አገር የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ምሩቅ ቦታ ፈቅዷል። ሰውየውም ቢሮ ቁጭ ብሎ ማመልከቻ ከሚያነብ፣ ሥራ ላይ ያሉትን ልጆች በዓይኑ ዞሮ ማየት መርጧል። እግረ መንገዱንም በአካባቢው ያሉትን የቀርከሃ ቤቶች ሊስል ይፈልጋል።

አስጎበኘሁት። ክፍሎቹ በበጋ እንዳያፍኑ ብዬ ከጣሪያው ሥር የተውኩትን የአየር መግቢያ አየና ቆመ። ማን አሰበው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እኔማ በሆዴ ሻንጣዬን መሸከፍ ጀምሬያለሁ!

ምን ያህል እንደምፈልገው ታውቃላችሁ? ኮሌጅ ሳለሁ ከውጭ የሚመጡትን መጽሔቶች እየገለጥኩ፣ ያየሁትን ሕንፃ ሁሉ ስገለብጥ ነው የኖርኩት። ግድግዳው መስታወት የሆነ ቤት ስዬ ስዬ እጄ ለምዶታል፤ በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ በእጄ ብነካው ብዬ እመኝ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ በላይ የፈለግኩት ነገር የለም።

ምሳ እኛ ቤት ሆነ። ጂግሶም አብሮን አለ። እናቴ ዶሮ ሠርታለች።

እናቴን አታውቋትም! ፕሮፌሰሩ «በቃኝ» አለ። ጨመረችለት። ሳህኑን በእጁ ከደነ። እጁን አንስታ ጨመረችለት። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያለች ታጎርሰዋለች፣ ጂግሶ ከጎን ይተረጉማል፣ ሰውየው ያልበዋል።

በመጨረሻ ቀበቶውን ላላ አደረገና በእንግሊዝኛ አጫወተኝ። አገራችሁ ደግ ነው፣ ግን ሰው «አይ» ሲል የሚሰማው የለም አለኝ። እሱ ያደገው የሰውን «አይ» አንዴ ሰምቶ በማክበር እንደሆነም ነገረኝ።

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳቅኩ።

ወዲያው ቀጥ ብሎ ጠየቀኝ። «ቦታውን ላንተ ልሰጥህ ወስኛለሁ። ትመጣለህ?»

ወገኖቼ! አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እናቴ ቆማለች። ታላላቆች ባሉበት የሰጡህን ነገር ላፍ አታደርግም። መጀመሪያ እምቢ ይባላል። ሁለተኛ ሲለምኑህ አንገት ይደፋል። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ተብሎ ይወሰዳል። ይሄን የማያውቅ ሕፃን በሠፈራችን አልነበረም።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩት መሬት መሬት እያየሁ። «ከእኔ የሚሻል ሰው አይጠፋም።»

ጂግሶ ለእናቴ ተረጎመላት። በኩራት ራሷን ነቀነቀች። አባቴም ጺሙን ዳበሰ። ልጃቸው አዲስ አበባ ከርሞም ስድ አልሆነም።

ሁለተኛውን ልመና መጠበቅ ጀመርኩ።

ፕሮፌሰሩ ቅር እያለው ፈገግ አለና፣ ውሳኔህን አከብራለሁ አለኝ። ከዚያ ስለ ቀርከሃ ማውራት ጀመረ።

ስለ ቀርከሃ!

ሙዝ ቀረበ፣ እጠብቃለሁ። ተነሥቶ ተሰናበተ፣ እጠብቃለሁ። መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ «አሁን ሊለምነኝ ነው» ብዬ ተጠጋሁ። እናትህን በጣም አመስግንልኝ አለኝና ሄደ።

አባቴ አቧራውን እያየ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰውየው መለመን አያውቅም እንዴ? አንዴ ብሎ ይተዋል?»

ጂግሶ ግን የተናደደው በእኔ ነው። ትፈልገዋለህ ወይስ አትፈልገውም አለኝ። እፈልጋለሁ አልኩ። ታዲያ እኔን ምን ታየኛለህ፣ ሰውየው ጨለለቅቱ ከተማ ነው የሚያድረው፣ ሂድና ለሱ ንገረው አለኝ። እኔ ከቀረሁ ተራው የእሱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ግን ሂድ አለኝ።

በማግስቱ የቡና ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ጨለለቅቱ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስለማመድ ሄድኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ የምጸልይ መስሏቸው እንዳይረብሹኝ ዝም አሉ።

ፕሮፌሰሩን አንድ የቀርከሃ ቤት ደጃፍ ላይ እርሳሱን ይዞ አገኘሁት። ከእግሬ እስከ ራሴ አቧራ ሆኜ ሲያየኝ ደነገጠ። ምን ሆነሃል አለኝ።

የቤቱ ባለቤትና ጎረቤቶቹ ከበውን ቆመዋል። ይሄ ሁሉ ሽማግሌ እያየኝ፣ ትናንት እምቢ ያልኩትን ዛሬ ስጡኝ ልበል? አፌን ከፈትኩ። የወጣው ይሄ ነው፦

«በሰላም መግባትዎን ልይ ብዬ ነው።»

ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ! እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደናንተ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም አለኝ። እኔም አላውቅም።

ባገኘሁት መኪና ተመለስኩ።

ፕሮፌሰሩ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ዲላ ላይ ቆመና ጂግሶን ጠየቀው። ጂግሶ መጀመሪያ ወደ እኔ አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ «አዎ» አለ። አለቀ።

የሚሄድበት ጊዜ ሲደርስ ሊሰናበተን ቤት መጣ። አገሩ ብርድ ነው ስለተባለ፣ የዲላ ልብስ ሰፊ ወፍራም ካፖርት ሰፍቶለታል። በዚያ ሙቀት ለብሶት መጣ። ላቡ ይንቆረቆራል። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ቅናት እንዳይመስላችሁ።

ቅናት ነው!

ጂግሶ ፊቴን አየው። «ቦታው ያንተ ነበር» አለኝ። «አሁንም ከፈለግከው ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ አንተ ትሄዳ...»

«እሺ!» አልኩት።

ተምሬያለሁ አይደል? ሳይጨርስ ነው የተቀበልኩት። እናቴ ጓዳ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

ጂግሶ ለይሉኝታ ያለው መስሎኝ ነበር፤ ሁላችንም እንደምንለው። ለካ የምሩን ኖሯል፤ የካፖርቱን ቁልፎች ፈታ፣ አወለቀና ዘረጋልኝ። «እንግዲያው ይሄንንም ያዝ፤ ብርድ ነው ይላሉ» አለኝ።

ለበስኩት። እሱ ረጅም ነው፣ እጅጌው እጄን ዋጠው። አንገትጌው ገና በላቡ እርጥብ ነበር። ይሄ ልጅ ከእኔ እኩል ይፈልገው እንደነበር እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንዴም አስቤው አላውቅም።

አወለቅኩና መለስኩለት። «ይቅርብኝ» አልኩት።

አላመነኝም። የእኔን «ይቅርብኝ» ማን ያምናል? «በሞቴ ውሰደው» አለ። እምቢ አልኩ። ደግሞ ለመነኝ። እምቢ። በሦስተኛው «በእናትህ» አለኝ፣ እናቴ ቆማ እያየች። ጨለለቅቱ ድረስ ሄጄ ያጣኋት ልመና ይኸው መጣች! እኔ ግን ከልቤ እምቢ አልኩ። ከልቤ እምቢ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሄደ፣ ተማረ፣ ትልቅ አርክቴክት ሆነ ሲባል ሰማሁ። ከዚያ አብዮት መጣ፣ አድራሻም ተጠፋፋን። እኔ ከዲላ እስከ ፍስሐ ገነት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሳሠራ ጡረታ ወጣሁ። አልከፋኝም። አንዳንዴ ግን ይከፋኛል፣ ምን እዋሻችኋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ይሄን ስልክ ስነካካ አንድ ጥያቄ መጣልኝ። ጂግሶ! ሽበቱን አጎፍሮ፣ እየሳቀ! ጓደኛህ መሆን ይፈልጋል ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፦ «ተቀበል» እና «ሰርዝ»።

ደስ ብሎኝ ጣቴን ወደ «ተቀበል» ሰደድኩ። ግን እንዲያው ወዲያው ላፍ ይደረጋል? አንዴ እንኳ እምቢ ሳልል?

የልጅ ልጄ አጠገቤ ቆማ «ንካው እንጂ!» እያለች እየጮኸችብኝ ነው። እኔ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ።

የምታውቁ በኮሜንት ንገሩኝ፦ ይሄ ነገር ሁለተኛ ይለምናል?