ሳል ይዘው የመጡ ደጋጎች

በዚህ ዓለም ላይ ክፉ ከሚመኝልህ ሰው ይልቅ ሳይጠይቅህ ሊረዳህ የወሰነ ሰው ያስፈራል። ክፉውን በር ዘግተህ ትገላገለዋለህ። ደጉ ግን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ፈገግ ብሎ፣ በሪቫን የታሰረ ነገር ታቅፎ። አታምነኝም? እንግዲያው በዚያ የጦርነት ሐምሌ፣ ራማት የዲዲም በሚባለው ሰፈራችን፣ አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ቤት የሆነውን ስማ።

እኔ ኔታንያ ከተማ ገበያ ውስጥ አትክልት እሸጣለሁ። ሱቁ የእኔ አይደለም፤ ጩኸቱ ብቻ ነው የእኔ። ባለቤቴ ዝማም የሕፃናት መዋያ ውስጥ ምግብ ታበስላለች። ልጃችን ዮሲ ደግሞ ያን ጊዜ ወታደር ነበር። ዕብራይስጥ ወታደርን «ኃያል» ይለዋል። ዮሲ የገባ ሰሞን ሁለተኛ ፎቅ ያሉት አባ ፈረደ «ልጅህ ኃያል ሆነ አሉ» ብለው በሁለት እጃቸው ጨብጠው መርቀውኛል። የእኛ ኃያል ግን አርብ ቤት ሲመጣ የገዛ ካልሲውን ከመሳቢያ ፈልጎ የማያገኝ፣ ካልቀሰቀሱት ሻባትን፣ ቅዳሜን ማለት ነው፣ በሙሉ የሚተኛ ኃያል ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር የወታደሮቹን ስልክ ሰበሰቡና የዮሲ ድምፅ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት... ዝማም እህል መቅመስ ተወች። ከታች የመኪና በር ሲዘጋ በሰማች ቁጥር እየሮጠች በመስኮት ታያለች። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። እኛ ጎንደር ሳለን መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው እህል እንዲቀምስ ተደርጎ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተሂዶ ነው የሚረዳው። እዚህ አገር ግን ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች በርህን ያንኳኳሉ፤ በቃ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የሚነግሩህ። ይህን የማታውቅ የወታደር እናት በአገሩ የለችም። የማያውቅ ቢኖር አንድ ነው፤ የወታደር ቤተሰቦችንና የቀድሞ ወታደሮችን ለመደገፍ የተቋቋመው የሰፈራችን ማኅበር።

የማኅበሩን ስም አልጠራም፤ ርዝመቱ ገጹን ይጨርስብኛል። ማትናስ በምንለው በሰፈሩ የመሰብሰቢያ ማዕከል ውስጥ አንድ ክፍል፣ አንድ ማኅተምና አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት አሉት። እነዚህ አሥራ አንድ ደጋጎች ተሰብስበው፣ ልጆቻቸው ግንባር ያሉ ቤተሰቦችን ቤት ለቤት እንጎብኝ አሉ። መልካም ሐሳብ። አንዱ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ቢኖርበት ክብር ይሰጠዋል አለ። ግሩም ሐሳብ። ሌላው ደግሞ፣ አስቀድመን ካልደወልን ድንገተኛ ደስታ ይሆንላቸዋል አለ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጡ። አንደኛው ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ሱሪ የለበሰ የኮሚቴ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ሮኒት የምትባል፣ ከባለጸጎቹ ሰፈር ከራማት ፖሌግ በመኪናዋ የመጣች በጎ ፈቃደኛ፣ ሃምሳ የሚሆናት ሴት ናት። ሦስተኛዋ ደግሞ ለክብሩ ሲባል ከአንድ የጦር ቢሮ የተዋሷት፣ ዩኒፎርሟን ጥንቅቅ አድርጋ የለበሰች ወጣት ወታደር ናት። ደጃፍ ላይ አባ ፈረደ ተቀምጠው ነበር። ሰዎቹ ሽማግሌ ማክበር ተገቢ ነው ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ የዮሲ ወላጆች የት እንደሚኖሩ ጠየቋቸው። አባ ፈረደ ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ጣታቸውን ወደ ላይ ጠቆሙና ወዲያው ወደ ሥራቸው ገቡ።

ሥራቸው ሰው መጥራት ነበር። የእኔም ስልክ ጮኸ።

«ልጄ፣ ምንም የለም» አሉኝ። «ዝም ብለህ ና።»

አማርኛ የምታውቅ ሁሉ የዚህን ትርጉም ታውቃለህ። በእኛ ቋንቋ «ምንም የለም» ከተባልህ የሚቀር ነገር የለም ማለት ነው። ከገበያው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ከታክሲ ስወርድ እጄ ላይ አንድ ትልቅ አበባ ጎመን ታቅፌ ነበር። የሕንፃው ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደጃፉን ሞልተውታል። ከየቤቱ ወንበር ወርዷል። አንዷ እኔን ስታይ ደረቷን መታች። አበባ ጎመኑን ሁሉም አዩት፤ አንድም ሰው አልሳቀም።

ደረጃውን ስወጣ የዝማም ድምፅ ከላይ ይሰማኛል። በሩን ቆልፋ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ገፍታ ከበሩ ጋር አጣብቃዋለች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ካልከፈትኩላቸው ሊነግሩኝ አይችሉም፤ ካልነገሩኝ ደግሞ አልሆነም ብላ ነው። እንግዶቹ ከውጭ ሆነው ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጪን እያሉ ይለማመጣሉ። የኮሚቴው ሰውዬ፣ ኢትዮጵያውያን ዓይን አፋሮች ስለሆኑ ታገሡ እያለ ለሁለቱ ሴቶች ሲያስረዳ ጆሮዬ ሰምቶታል።

«ሂዱ!» ትላለች ዝማም ከውስጥ። «ልጄ ደህና ነው። ሌላ ቤት ሂዱ።»

ይህን የምጽፈው እያሾፍሁ ነው፤ ያቺን «ሌላ ቤት ሂዱ» ግን እስከ ዛሬ ማሾፍ አልቻልሁም።

ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ሮኒት ጎንበስ ብላ በፈገግታ አየችኝ። በብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ቅርጫት እያሳየችኝ፣ ሳል ይዘን መጥተን ነበር አለች። ዕብራይስጥ ቅርጫትን «ሳል» ነው የሚለው። ከኋላዬ ግድግዳ እየደገፉ የወጡት አባ ፈረደ ይህቺን አንዲት ቃል ለቀም አደረጓት።

«በሳል ነው የሞተው?» አሉ።

መሳቅ ጀመርሁ። እየሳቅሁ አለቀስሁ። ወታደሯ ልጅ ግን ገባት። የለበሰችውን ልብስ ቁልቁል አየችው፤ ዝማም የቆለፈችውን በር አየችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ወዲያው በሩ ላይ ተጠግታ፣ እናቴ፣ ማንም አልሞተም፣ ቸኮሌት ነው ያመጣነው እያለች በልቅሶ ትጮህ ጀመር። ጠረጴዛው ወለሉ ላይ ሲንቋቋ ተሰማ። ዝማም ከፈተች። ልጅቷን አቅፋ ስታባብላት ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ልብ በል፤ ተጎብኚዋ ጎብኚዋን ነው የምታባብለው።

ቅርጫቱን ኋላ ከፈትነው። በሐምሌ ሙቀት ሾርባ የሆነ ቸኮሌት፣ «ከጎናችሁ ነን» የሚል ካርድ፣ ጭንቀትን ስለ መቋቋም የሚያስረዳ ትንሽ መጽሔት አለበት። የመጀመሪያው ምክር ከድንገተኛ ነገር ራቁ ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን ለመንፈስ እርጋታ ተብሎ የተጨመረው ሻማ ነበር። ልክ ለሙት መታሰቢያ የምናበራው ዓይነት ሻማ! ዝማም በሁለት ጣቷ አንሥታ በመስኮት ወረወረችው። ከታች ለቀስተኛው ገና አልተበተነም ነበር፤ አንድ ጊዜ ወንበር ካወረዱ በኋላ ተመለሱ ማለት ነውር ሆኖብን ሻይ አፍልተን ሸኘናቸው።

በማግስቱ ማኅበሩ ለይቅርታና ለግምገማ ጠራኝ። ሄድሁ። ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ፣ ዩኒፎርም ይዛችሁ አትምጡ፣ ምን እንደሚያስፈልገን ደግሞ እኛኑ ጠይቁን አልኋቸው። ሊቀ መንበሩ ሁሉንም ጻፈው። በጣም ጠቃሚ አስተያየት ነው ብሎ አመሰገነኝ። ከዚያ አንድ ሰዓት ተወያይተው የሪቫኑ ቀለም እንዲቀየር ወሰኑ። ስለ መደማመጥም አንድ ንግግር እንዲዘጋጅ አደረጉ፤ በዕብራይስጥ፣ በሥራ ሰዓት።

አንዲት ሰው ብቻ ከስብሰባው ወጥታ ተከተለችኝ፤ ሮኒት። ሚስትህን ምን ልርዳት አለችኝ። ቤት ሄደሽ ጠይቂያት አልኋት። ደውላ መጣች። ዝማም ሳታቅማማ መለሰችላት። የዮሲ ጦር ክፍል ወላጆች ሐሙስ ለአንድ ሰዓት ልጆቻቸውን እንዲያዩ መፈቀዱ ያን ዕለት ተነግሮን ነበር፤ ዮሲ ያለበት ሜዳ ግን አውቶቡስ አይደርስም፤ እኛ ደግሞ መኪና የለንም። እንግዲህ አንድ ማኅበር፣ አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት፣ አሥራ አንድ መኪና... የጎደለው አንዲት ጥያቄ ነበረች።

ሐሙስ ሦስታችን ወደ ደቡብ ወረድን። ዮሲ አቧራ ለብሶ መጣ። እናቱ ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካካች ቆጠረችው። ያመጣችለትን ዶሮ ቆሞ በላ፣ ለጓደኞቹም አካፈለ፣ ሰዓቱ አለቀ። እኔ ዞር ስል ሮኒት መኪናዋ ውስጥ መሪውን ይዛ ስታለቅስ አየኋት።

በመልሱ መንገድ ነገሩ ወጣ። እሷም ልጅ አላት፤ እሱም ግንባር ነው፤ እሱም ስልክ የለውም። በሱ ጦር ክፍል ወላጅ እንዲያይ ገና አልተፈቀደም። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ራማት ፖሌግ ባለው ሰፊ ቤቷ ብቻዋን መቀመጥ ስላቃታት ነው የሰው በር ማንኳኳት የጀመረችው። የዝማም ዕብራይስጥ የሕፃናት መዋያ ዕብራይስጥ ነው፤ ብላ፣ ተኛ፣ አታልቅስ፣ እናትህ ትመጣለች ከሚሉት ብዙም አይርቅም። ለዚያ መንገድ ግን አላነሰም። ከኋላ ወንበር እጇን ሰድዳ የሮኒትን ትከሻ ይዛ «አታልቅሺ፣ ብዪ፣ ተኚ» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝማም ከሥራ ስትወጣ በአውቶቡስ ራማት ፖሌግ መሄድ ጀመረች። ምግብ ታበላታለች፤ ዜናውን አብረው ያዩታል፤ ስታስተኛት ትመለሳለች። ማኅበሩ በየሳምንቱ ለሮኒት እየደወለ፣ የተረከብሻት ቤተሰብ እንዴት ናት፣ መሻሻል ታሳያለች ወይ እያለ ሪፖርት ይቀበላል። ሮኒት እውነቱን ነግራቸዋለች። ቅጹ ላይ ግን ለእውነቱ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ልጆቹ ሁለቱም በሰላም ተመለሱ፤ ተመስገን። ማኅበሩም በማትናስ አዳራሽ ትልቅ የምስጋና ዝግጅት አደረገ። አንድ ምሁር ስለ ጽናት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተናገረ፤ ጽናቱን እኛው ላይ ፈተነው። የሁለት ወር የእንቅልፍ ዕዳ ያለባት ሮኒት ከመካከሉ ላይ ራሷን ዝማም ትከሻ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ለጥ አለች። የማኅበሩ ፎቶ አንሺ መጥቶ፣ ካሜራውን ብልጭ አድርጎ አነሣቸው።

ፎቶው በማኅበሩ መጽሔት የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ለዝማም ተረጎምሁላት፤ «በጎ ፈቃደኛችን ሮኒት ድጋፍ የምትሻ አንዲት የወታደር እናትን ስታበረታታ» ይላል። ይቆጠቁጣት ይሆናል ብዬ ፊቷን አየሁ። ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ዋናው ነገር» አለች፣ «ብልጭታው አልቀሰቀሳትም።»