ማሽን አማች የለውም

«የሚወጣውን ቁጥር አላውቀውም ነው የምትለኝ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«አዎ ጌታዬ። ፕሮግራሙ ከአንድ እስከ አርባ ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዘፈቀደ ያወጣል» አለ የኮምፒውተር ባለሙያው።

«በዘፈቀደ? በዚህ መሥሪያ ቤት በዘፈቀደ የሚሠራ ነገር የለም! ሁሉም ነገር በእቅድ ነው!»

እንዲህ ያለ አስተዋይ መሪ በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር የት በደረስን ነበር! ነገሩ ቀላል አይደለማ። መሥሪያ ቤቱ ግቢው ውስጥ ያሠራት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከአርባ ሠራተኞች ለአንዱ በዕጣ ልትሰጥ ነው። ከአርባዎቹ አንዷ፣ ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ አከራይዋ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ ብለዋት፣ ሦስት ልጆች ይዛ የምትገባበት ጠፍቷታል። እኔ ደግሞ «የሰፈር ታዛቢ» ተብዬ ወንበር ተሰጥቶኛል። ሥራዬ መታዘብ ነው፤ መናገር በተሰጠኝ የታዛቢነት ደብዳቤ ላይ የለም።

መጀመሪያ የዕጣው ልምምድ ተካሄደ። ዕጣ ልምምድ እንደሚያስፈልገው ያወቅሁት እዚያ ነው፣ መቼም ሰው ሳይማር አይሞት። ሠላሳ አንድ ወጣ። ዘበኛው።

«ጥራት ይጎድለዋል። ይደገም!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

አሥራ ሁለት። ይደገም። በስድስተኛው ሰባት ወጣ፤ ሰባት ቁጥር የሥራ አስኪያጁ አማች ነው። ተነሥተው አጨበጨቡ።

«አሁን ሳይንሱ ገባው! በል፣ ቁልፉ ሺህ ጊዜ ቢነካ ሰባት ብቻ እንዲል አድርገህ አጽናው።»

ባለሙያው አንዲት መስመር ጻፈ። እኔም ታዘብኩ።

በማግሥቱ የልምምዱን ቃለ ጉባኤ የያዘችው ጸሐፊ፣ የሠራተኞቹ ዝርዝር ለዕጣው ክብረ በዓል በሚመጥን መልኩ በፊደል ተራ እንደ አዲስ እንዲጻፍ የሚል ማስታወሻ አቀረበች። ሥራ አስኪያጁም ፈረሙበት። ትልቅ ሰው የሚፈርመውን ሁሉ ያንብብ ማለት ግፍ ነው።

ቀኑ ደረሰ። አማችዬው አዲስ ሱፍ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ማይኩን ጨበጡ።

«ወገኖቼ! ማሽን አማች የለውም! ማሽን የወደደውን አይጠቅምም፣ የጠላውን አይጎዳም! የሚወጣው ቁጥር ይግባኝ የለውም!»

ቁልፉ ተነካ። ሰባት! አማችዬው እጅ ሊነሣ ብድግ አለ። ጸሐፊዋ አዲሱን ዝርዝር ዘርግታ አነበበች፤

«ሰባት ቁጥር፣ ከጽዳት ክፍል!»

በፊደል ተራ ሰባተኛዋ ጎረቤቴ ሆና ኖሯል። በሩ አጠገብ የያዘችው ባልዲ ከእጇ ወደቀ።

«ስህተት አለ! ድገመው!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ደገመው። ሰባት። አሁንም ደገመው። ሰባት። አዳራሹ ሰባት በወጣ ቁጥር ያጨበጭባል። ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ ባለሙያው ጎንበስ አሉ።

«ኧረ ይሄ ነገር ምን ነካው?»

«ምንም አልነካውም ጌታዬ» አለ ባለሙያው፤ «በእቅዱ መሠረት እየሠራ ነው።»