ሦስተኛው ሽማግሌና የሽያጭ ታክስ

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ይኖራል? እኔ ባለፈው ሳምንት የስልክ ስክሪን ልገዛ ገብቼ፣ ሻጩ ሰላምታዬን ሳያስጨርሰኝ ጠየቀኝ። ዕቃው አንድ ነው፤ ዋጋው ሁለት። ድሮ ቢሆን እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ስለ ታክስ ሳስረዳው እመሽ ነበር። አሁን ግን «በደረሰኝ» አልሁ፤ ከፈልሁና ወጣሁ። ምን ነካህ አትሉኝም? የነካኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ እኔ ትንሽ። ዓለሜ እባላለሁ፤ ስልክ እጠግናለሁ። ኮሌጅ አልገባሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ስጠብቅ ካነበብሁት ነው። ብቻውን ያነበበ ሰው ደግሞ አንድ በሽታ አለበት፤ ፈታኝ ስለሌለው ያገኘውን ሁሉ ፈታኝ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ወደ ጎንደር ስሄድ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰውዬ ስለ ግብር አስረዳሁት። ጎንደር እሄዳለሁ ያለኝ ሰው ሐሙሲት ላይ ወረደ። ያን ጊዜ ዘመድ ትዝ ብሎት ይሆናል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሰውዬው ሐሙሲት ዘመድ የለውም።

የዚያን ሰሞን የያዘኝ ሐሳብ ይህ ነበር። መንግሥት በእያንዳንዳችን ቤት ሁለት በር ላይ ይቆማል። አንደኛው ብር የሚገባበት በር ነው፤ እዚያ ላይ የሚቀበለን የገቢ ግብር ይባላል። ሁለተኛው ብር የሚወጣበት ነው፤ በገዛን ቁጥር የምንከፍለው ታክስ። አንድ በር አይበቃም ወይ? መግቢያውን ትቶ መውጫው ላይ ብቻ ቢቆምስ? ደሞዝተኛው ደሞዙን ሙሉ ይወስዳል። የገዛ ይከፍላል፤ ያልገዛ አይከፍልም። ገቢውን የሚደብቀው እንኳ መኪና ሲገዛ ይያዛል። ቆንጆ አይደለም? ለእኔ ከማማሩ የተነሣ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ጌትነት ይህን ሁሉ ሰምቶ «ጥሩ ነው» ብቻ የሚል ሰው ነው። ጌትነት ጀልባ ይነዳል፤ ሰውና እህል ወደ ደቅ ደሴት ያመላልሳል። የሺን የወደዳት እዚያው ጀልባው ላይ ነው። ደቅ ላይ አስተማሪ ነበረች፤ አርብ አርብ ወደ ወላጆቿ ስትመለስ የሚያመጣት እሱ ነው። ጣና ሰፊ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ ጌትነት ደግሞ ሞተሩን በቀስታ መንዳት ያውቅበታል። በመጨረሻ ሽማግሌ ላክ አለችው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ጎረቤታችን መሪጌታ ይሄይስ፤ የወንድሜን ጀልባ በእጃቸው የሠሩት ሐጂ ሰይድ፤ ሦስተኛው አጎታችን። የየሺ አባት ጋሼ ተፈራ ከአሰላ መጥተው ፋብሪካ ተቀጥረው ያረጁ የደሞዝ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ነገሩን ሰምተው፣ «እንማከርበት፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ይህ እንግዲህ በእኛ ዘንድ እሺ ማለት ነው። እሺ በአንድ ጊዜ አይባልማ! ልጅ እንደ ቲማቲም ተመዝና አትሰጥም።

በሁለት ሳምንቱ አጎታችን ጉልበቱን አሞት ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወረደ። ሦስት ሆኖ የሄደ ሽማግሌ ሁለት ሆኖ ቢመለስ ደስ አይልም። እኔ ተተካሁ። ሐጂ መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ስማኝ አንተ ልጅ፤ የተቆጠርኸው በእግርህ ነው፤ በአፍህ አይደለም» አሉኝ። መሪጌታም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው አጸኑበት። እሺ አልሁ። ከልቤ ነበር።

ገባን፤ ተቀመጡ ተባልን። ጠላ ቀረበ፤ ለሐጂ ለስላሳ። የጋሼ ተፈራ ፊት በርቷል። አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ አሉ። «እኔ የደሞዝ ሰው ነኝ። ደሞዜን ከሚስቴ በፊት መንግሥት ነው የሚያየው። ልጃችሁ ደግሞ የውሃ ላይ ሰው ነው። ለመሆኑ ግብሩን ይከፍላል?»

«ይከፍላል» አሉ ሐጂ። «ጀልባውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቀዳዳ የለውም። ልጁም እንደ ጀልባው ነው።»

ሁሉም ሳቁ። አለቀ። እውነቴን ነው፣ አልቆ ነበር! ጋሼ ተፈራ ብርጭቋቸውን አነሱ፤ ቃሉን ሊሰጡ። ግን ከዚያ በፊት እንዲሁ ተነፈሱ፤ «እህህ… ይሄ የደሞዝ ግብር ቀርቶልን ቢሆን ምን ነበረበት!»

ይህ እኮ ትንፋሽ ነው። ማንም ሰው ትንፋሽ መሆኑን ያውቃል። ለእኔ ጥያቄ መሰለኝ።

«ይቻላል ጋሼ!» አልሁ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐጂ እግሬን ረገጡኝ። ስለ እግሬ ማን ግድ አለው? ሁለቱን በሮች ከፍቼ አስረዳሁ። ጋሼ ተፈራ መጀመሪያ ደስ አላቸው። «ሙሉ ደሞዝ? ሳይነካ?» ብለው፣ «አስካለ! ነይ ይህን ስሚ!» አሉና ባለቤታቸውን ከጓዳ ጠሩ።

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «እኛ እኮ ያገኘናትን ሁሉንም ነው የምንገዛባት» አሉ። «የሚተርፈው ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠ ደግሞ አይከፍልም አልኸኝ። ታዲያ ከፋዩ ድሃው ብቻ ሊሆን ነው?»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። መጻሕፍቱ ስንት ገጽ የሚፈጁበትን ክርክር ሴትዮዋ በር ላይ ቆመው ጨረሱት። ግን የተረታ ሰው ዝም ይላል እንዴ? ጤፉና ዘይቱ ነጻ ይሆናል፣ የሚከፈለው በትርፍ ነገር ላይ ብቻ ነው አልሁ።

«ትርፍ ነገር ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ ተፈራ።

ምሳሌ ፈለግሁ። ምሳሌ የሚፈልግ ሰው መቼም አጠገቡ ያለውን ነው የሚያነሳው። «ለምሳሌ ሠርግ» አልሁ። «የሺን ደግሰው ከዳሯት በበሬውም በድንኳኑም በልብሱም ይከፍላሉ። ያለ ድግስ ብትሄድ ግን ምንም አይከፍሉም!»

ጋሼ ተፈራ ብርጭቋቸውን መልሰው አስቀመጡ።

ማስረዳት ልማዴ ነውና፣ ለማያውቅ ላስረዳ። ሽማግሌ ቃሉ ሳይሰጠው ድግስ አያነሳም። «ያለ ድግስ ሄደች» የሚባለው ደግሞ ስለ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያውም በአባቷ ፊት፣ በእናቷ ፊት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እትዬ አስካለ ዞረው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ያለ ድግስ?» አሉ ጋሼ ተፈራ ቀስ ብለው። «ልጄን?»

ሐጂ፣ «ልጅ ነው ተፈራ፣ አያውቅም…» ብለው ጀመሩ።

«ልጅ ከሆነ፣ ሐጂ፣ ልጅ ሽማግሌ አድርጋችሁ ልካችሁብኛል። ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ የሚለውን ሰምቻለሁ። እንደ አመጣጣችሁ ሂዱ» አሉ።

ወጥተን እስከ ሐይቁ ዳር ሄድን። ከዚያ ሐጂ ቆም አሉ። «ጀልባ ስሠራ» አሉኝ፣ «የመጨረሻው ሚስማር ከገባ በኋላ አንድ ልጨምር ያልህ እንደሆን እንጨቱ ይሰነጠቃል። ሚስማሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም።» አልተቆጡኝም። ይህንኑ ብለው ለአሱር ሰላት ወደ መስጊድ ሄዱ።

ጌትነት ጀልባውን አጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይጠብቀን ነበር። «እህስ?» አለኝ።

«ነገሩ ምን መሰለህ፣ መጀመሪያ እሳቸው ስለ ደሞዝ ግብር አነሱና…»

«ዓለሜ» አለኝ፣ «በአንድ ቃል ንገረኝ።»

ያን ሁሉ አንብቤ አንድ ቃል አጣሁ። የነገሩት መሪጌታ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተላከ። አጎታችንም ጉልበቱ ድኖ ሄደ። መልሱ ያው ሆነ። የሺ አባቷን አልፋ አልመጣችም፤ ጌትነትም ነይ አላላትም። ያለ ድግስ እንድትሄድ የሚፈልግ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም ማለት ነው። ከደቅም ተዛወረች። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አጥቼ አላውቅም።

ባለፈው ጥር የሺ ተዳረች። ባሏ ደሞዝተኛ ነው። በሬው ታረደ፣ ድንኳኑ ተተከለ። እንግዲህ የእኛ ከተማ ሙሽራ ሐይቁ ላይ ፎቶ ሳይነሳ አገባ አይባልም፤ ጀልባ ይከራያሉ። ጀልባ በተራ ነው። ያን ቀን ተራው የጌትነት ሆነ። ጓደኞቹ እንቀይርህ አሉት። «ተራዬ ነው» አለ።

ገመድ ልይዝለት ሄጄ ስለነበር አየሁት። የሙሽራዋ ቬሎ ውሃ እንዳይነካው፣ እንደ ድሮው አርብ፣ በቀስታ ነዳ። ሲመለሱ ጋሼ ተፈራ ዳር ላይ ብር አውጥተው ቆመዋል። ጌትነት እጁን አልዘረጋም።

«እሷን አስከፍዬ አላውቅም ጋሼ» አለ። «ዛሬ አልጀምርም።»

ጋሼ ተፈራ ብሩን እንደያዙ ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ።

«አንተ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ይህ ገቢ አይደል፤ ሽያጭ አይደል። በአንተ ሕግ ምን ይባላል?»

አውቀው ነበር። ስለ ስጦታ ያነበብሁት አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቀና ስል ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከጀልባው ውስጥ ውሃ ይቀዳል። ሐጂ የሠሩት ጀልባ እኮ ቀዳዳ የለውም።

«አላውቅም ጋሼ» አልሁ።

ዝም ማለት ቻልሁ። ሁለት ዓመት ዘግይቼ።