የመምህር ደረሰ ዝምታ

በዚህ አገር አስረጂ የሌለው ከተማ የለም። ሳይጠየቅ የሚያብራራ፣ ዝናብ ሲዘንብ ዝናቡን የሚያርም ሰው ማለቴ ነው። የፍኖተ ሰላሙ አስረጂ፣ 'ሊቀ ሊቃውንት ዘጂን' የምንላቸው የቀድሞው የባዮሎጂ አስተማሪዬ፣ ጡረተኛው መምህር ደረሰ ናቸው። ከሩቅ ስናያቸው "ደረሰ ደረሰ!" ተባብለን በየጓሮው በር እንበተናለን።

የቡሬው ሚኒባስ ሲዘገይ፣ "ፍጥነቱ አለ፤ አልተነበበም እንጂ!" ይላሉ። የአቶ ካሴ ልጅ አባቱን አይመስልም ተብሎ ሰፈሩ ሲያንሾካሹክ፣ "መልኩ አለ፤ አልተነበበም እንጂ!" ብለው አንድ ትዳር አትርፈዋል። ጨው ሻጯን "አዮዲን አለው?" እያሉ ሲያስጨንቋት፣ "ጋሼ፣ እኔ ያለኝ ጨው ብቻ ነው" ትላቸዋለች።

እንቅርት ያለበት ሰው ካዩማ ገበያው መማሪያ ክፍል ይሆናል።

"እያንዳንዷ ሕዋስ ሙሉውን የጂን መጽሐፍ ይዛለች፤ የምታነበው ግን የራሷን ገጽ ብቻ ነው። እንደ ማኅሌት ነው፤ ድጓውን ሁሉም ቢያውቀው ተራው ያልደረሰ አፉን ይዘጋል። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ሲይዛት አዮዲን የሚያስገባው ጂን ዝም ይላል፤ 'ተባዢ!' የሚለው ይጮኻል። ዝም ማለት ያለበት ሲጮህ፣ መናገር ያለበት ዝም ሲል፣ በሽታ ይኸው ነው!"

ይህንኑ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ፈተና አልፌበታለሁ። መደነቅን ግን ያገኘሁት ከዚያ የገበያ ስብከት ነው። ዛሬም እጄን ሳይ፣ በዚህች ቆዳ ሥር ስንት አፍ ተራውን እየጠበቀ እንደተዘጋ አስብና አገላብጬ አየዋለሁ።

ባለፈው ክረምት በባለቤታቸው በእትዬ ያይኔአበባ አንገት ላይ እብጠት ወጣ። ባሕር ዳር ተመረመሩ፤ ካንሰር ሆነ።

መምህር ደረሰ ዝም አሉ። ሚኒባሱ ዘገየ፤ ዝም። ጨው ሻጯ ራሷ ተጣርታ፣ "ጋሼ፣ የዛሬው አዮዲን አለው!" ብትላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ከተማው ጭር አለብን።

እትዬ ቀዶ ሕክምና አድርገው ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድሁ። አንገታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ ድምፃቸው ሰልሏል። መምህር ጥግ ላይ አቀርቅረዋል።

"እንዴት ነዎት እትዬ?"

"ተቆርጦ ወጥቷል አሉኝ፤ ክትትል ነው የቀረኝ። ይልቅ ይኸን ሰውዬ እይልኝ።" ወደ ባላቸው ዞሩ። "አንተ ሰው፣ መናገር ያለበት ዝም ሲል ምንድን ነው ትል ነበር በየገበያው?"

መምህር ቀና አሉ።

"በሽታ።"

"እንግዲያስ ዳን!"

መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እያንዳንዷ ሕዋስ..." ብለው ጀመሩ።

የጓሮው በር ክፍት ነበር። በርጩማዬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።