ቀድሞ የሚከፍት የጠፋበት ሳምንት

ሸዋ ሮቢት ላይ በር ዘግቶ መቀመጥ አይቻልም፤ ሙቀቱ ራሱ መጥቶ ያስከፍታል። ስለዚህ መጋረጃ ብቻ እንሰቅላለን፣ አላፊ አግዳሚውም «አቤት ደግነታቸው!» ይላል። ይበል። እኛ የምንዘጋው ሌላ ቦታ ነው። ሰላምታ እንኳ ሌላው እስኪጀምር የምንጠብቅ፣ «እሱ ይደውል እንጂ እኔ ምን በወጣኝ» እያልን ዓመት የምናስቆጥር ሰዎች ነን። ይህን ያስተማረኝ ኮምፒውተር ነው። ከትምህርት ቤትማ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተስማማንም።

መናኸሪያው አጠገብ ሰው ስልክ ላይ ፊልምና ዘፈን እጭናለሁ። ትልልቁን ፋይል የማወርደው ሰው ከሰው በቀጥታ በሚቀባበልበት ፕሮግራም ነው፤ መሀል ላይ መጋዘን የለም፣ ከእገሌ ኮምፒውተር ወደ እኔ ይመጣል። ታዲያ በየኮምፒውተሩ ደጃፍ ፋየርዎል የሚባል ዘበኛ አለ። ከውስጥ ሆነህ የጠራኸውን ያስገባል፤ በራሱ ጊዜ የመጣውን ግን ስሙን ሳይጠይቅ ይመልሳል። ከሁለት ሰው አንዱ ለፕሮግራሙ ቀዳዳ ከከፈተ ሌላው ሄዶ ያንኳኳል፣ ነገሩ ያልቃል። ሁለቱም ከዘጉ ግን ሲያንኳኩና ሲመላለሱ ይኖራሉ። ፋይሉ ንቅንቅ አይልም።

እትዬ ዘነበች አጣዬ የነበረው ቤታቸው ተቃጥሎ እኛ ሰፈር የገቡ ሴት ናቸው። ከቤቱ ጋር የትልቋ ልጃቸው የሠርግ ቪዲዮም ተቃጠለ። ባላቸው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸው ያለው እዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው፣ ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ሲስሙ እሳቸው ሲመርቁ። አሁን ደግሞ ትንሿ እሑድ ልታገባ ነው።

«ጉልበት ስትስም የአባቷን ምርቃት በስፒከር ትስማ። ሌላ አልፈልግም» አሉኝ ሰኞ ዕለት።

«እትዬ፣ ሐሳብ አይግባዎት» ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ያኔ ሠርጉን የቀረጸው ተካልኝ ዛሬ አዳማ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ኃላፊ ነው፤ ቪዲዮውም ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። በፍላሽ ይላክ እንዳትሉኝ፤ ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ መኪና የሚባል አልነበረም። በቴሌግራም እንዳይልከው ፋይሉ ከባድ ነው፣ መቁረጫ ፕሮግራምም ቢሮው የለውም። በቀጥታ እንቀባበል ተባባልን። ሰኞ ዜሮ። ማክሰኞም ዜሮ።

ደወልኩለት። «ዘግተሃል፣ ክፈት እንጂ!»

«አንተስ ዘግተህ የለ? አንተ ክፈት።»

«የሀገሩ ፍላሽ ያመጣብኝ ቫይረስ አይበቃኝም? ደግሞ በር ልክፈትለት?»

«እኔስ ከፍቼ አለቃዬ ቢደርስብኝ? ለነገሩ ፈላጊው አንተ ነህ፣ ጌታው!»

ፈላጊው አንተ ነህ! እውነቱን ንገረኝ ካላችሁ፣ እኔ ዘንድ መክፈት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ይከፍታል? እናንተ ትከፍታላችሁ? ረቡዕ እኔ ስልኩን አላነሳሁም፣ ሐሙስ እሱ አላነሳም። እትዬ በየቀኑ ብቅ እያሉ «መጣልን?» ይሉኛል። «እየመጣ ነው» እላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሽራዋ ራሷ መጣች፣ እጇ በእንሶስላ ቀልቶ። አልወቀሰችኝም። «ለስፒከሩ በፍላሽ ነው በስልክ የሚሻለው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

እንደሄደች ከፈትኩ። ምን ዋጋ አለው! የተካልኝ ቢሮ ዓርብ ተዘግቷል፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ እሱም ስልኬን አያነሳም።

እሑድ ትንሿ የአጎቷን ጉልበት ሳመች። አጎትየው ምርቃቱን ጀምረው ሳይጨርሱት አለቀሱ። ስፒከሩ አጠገባቸው ዝም ብሎ ቆሟል።

ሰኞ ተካልኝ ኮምፒውተሩን እንዳበራ ቪዲዮው እንደ ውሃ ወረደ፤ ምሳ ሰዓት እንኳ ሳይደርስ አለቀ። በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«ምን አዘገየው፣ ልጄ?»

«ኔትወርክ እምቢ ብሎ ነው፣ እትዬ።»

«አይ ኔትወርክ! ታዲያ አንተ ምን ታደርግ፤ ለደከምክበት እግዜር ይስጥህ። እደግ» አሉኝ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

ቆሜ ተመረቅሁ። ኔትወርኩ እንደዚያ ሳምንት ጎብዞ አያውቅም።